ሕያው ታዳኝን ለትልልቅ አዳኝ ዓሣዎች ማቅረብ፦ ከታዳኙ ገንዳ እስከ አዳኙ አፍ

አንድ አዳኝ ዓሣ ሕያው ታዳኝ በልቶ ሲታመም፣ ባለቤቱ ምክንያቱን የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ዓሣው በሚኖርበት አኳሪየም ውስጥ ነው፤ ውኃውን ይመረምራል፣ ማጣሪያውን ያጥባል፣ ሙቀቱን ይለካል። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ታዳኙ ከመበላቱ በፊት በቆየበት ገንዳ፣ ባልዲ ወይም ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ በአዳኙ ዙሪያ ያለውን ሥራ ወደ ኋላ አቆይቶ ስለ ታዳኙ አመራረጥ፣ አቆያየትና አመጋገብ በሰፊው ይናገራል። ይህን ክፍል በትዕግሥት የሠራ ሰው የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው።

ደረጃ 1፦ ሕያው ታዳኝ ያስፈልግ እንደሆነ መወሰን

ሕያው ታዳኝ መስጠት ተገቢ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው። አንደኛው፣ ከዱር ተይዞ የመጣና የሞተ ነገር ምግብ መሆኑን ገና ያልለመደ ዓሣ ነው፤ እንዲህ ያለው ዓሣ የጉዞው ድካም ተጨምሮበት ለሳምንታት ሳይበላ ሊቆይና ሊመነምን ይችላል። ሌላው፣ ከሕመም እያገገመ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ዓሣ ነው። ከዚህም ሌላ በተፈጥሮው አድፍጦ የሚያድን፣ ፊት ለፊቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ካላየ አፉን የማይከፍት ዓሣ አለ፤ የወደቀ ቅጠል መስሎ የሚንሳፈፈው የአማዞኑ ሊፍፊሽና በባሕር ውስጥ ድንጋይ መስሎ የሚጠብቀው ፍሮግፊሽ ለዚህ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው።

ኦስካር፣ አሮዋና፣ ፒኮክ ባስ፣ ቀይ ጅራት ካትፊሽ፣ ስኔክሄድና ቢቺር ግን ጊዜ ከተሰጣቸው ሁሉም ማለት ይቻላል የሞተና የተዘጋጀ ምግብ መብላት ይማራሉ። የአዳኝ ዓሣ ተፈጥሯዊ ምግብ ሌላ ዓሣ ብቻ ነው የሚለው እምነትም ትክክል አይደለም። ኦስካር በዱር ሲኖር ከትንንሽ ዓሣዎች በተጨማሪ ነፍሳትንና ሽሪምፕን የመሰሉ ፍጥረታትን ይመገባል። ባለብር ቀለሙ አሮዋና ደግሞ በጎርፍ በተጥለቀለቀው የአማዞን ደን ውስጥ ከውኃው ተወርውሮ እየወጣ ከቅርንጫፍ ላይ ጥንዚዛና ሸረሪት የሚለቅም ዓሣ ነው። ስለዚህ «ሕያው ምግብ» ሲባል የግድ ዓሣ ማለት አይደለም፤ ለብዙዎቹ አዳኞች የመሬት ትል፣ ፌንጣና ሽሪምፕ የተሻለ መነሻ ናቸው።

አከርካሪ ያለውን እንስሳ በሕይወቱ ለሌላ እንስሳ መመገብን የሚገድቡ አገሮች ስላሉ፣ በሚኖሩበት አገር ያለውን ሕግ አስቀድመው ያረጋግጡ። የማደኑን ትዕይንት ለመመልከት ብቻ ታዳኝ ማቅረብን ግን ሕግ ባይከለክለውም አልደግፈውም። ታዳኙም ሊሠቃይ የሚችል ፍጡር ነው፤ ሞቱ ፈጣን እንዲሆን ማድረግ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።

ደረጃ 2፦ ታዳኙን መምረጥ

በብዙ መሸጫዎች ለአዳኝ መኖ ተብሎ የሚቀርበው ጎልድፊሽ፣ ማለትም ወርቃማው ዓሣ ነው። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል፣ ሆኖም ለዚህ ሥራ ከሚመጡት ምርጫዎች ሁሉ ደካማው ነው። ጎልድፊሽና በሮዝ ቀለሙ የሚታወቀው ፋትሄድ ሚኖው በአካላቸው ውስጥ ቲያሚኔዝ የተባለ ኢንዛይም ይይዛሉ፤ ይህ ኢንዛይም ቲያሚንን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1ን ይሰባብራል። አንድ ጊዜ ቢበሉ የሚያመጡት ጉዳት አይታይም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆኑ ግን አዳኙ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ሚዛኑን ይስታል፣ በጎኑ መዋኘትና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ባለቤቱ ይህን እንደ ኢንፌክሽን ቆጥሮ መድኃኒት ሲያፈራርቅ ጊዜ ያልፋል፤ ጉድለቱ ግን ከምግቡ ነው። ማቀዝቀዝ ቲያሚኔዝን አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው ማብሰል ነው። ስለዚህ በበረዶ የተቀመጠ ጎልድፊሽም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም።

የተሻሉት ምርጫዎች ጉፒ፣ ሞሊና ፕላቲ፣ እንዲሁም ከሲክሊድ ወገን የሆኑት የኮንቪክት ሲክሊድና የቲላፒያ ጫጩቶች ናቸው። እነዚህ የቲያሚኔዝ ችግር የለባቸውም፤ ከዚህም በላይ ዋናው ጥቅማቸው በቤት ውስጥ በቀላሉ መራባታቸው ነው። እንቁላል ሳይጥሉ የሚወልዱት ጉፒና ሞሊ በአራት ሳምንት ገደማ አንድ ጊዜ ይወልዳሉ፤ አንዲት ትልቅ ጉፒ በአንድ ጊዜ በርካታ ደርዘን ጫጩቶችን ልትወልድ ትችላለች። ከውጭ በየሳምንቱ ዓሣ እየገዙ ከማምጣት ይልቅ የራስዎን ዘር ቢያራቡ፣ በሚቀጥለው ደረጃ ከሚነገሩት አደጋዎች አብዛኛዎቹን ከሥራቸው ይነቅላሉ።

እሾህ ያላቸውን ዓሣዎች ፈጽሞ አይስጡ። ኮሪዶራስና ፕሌኮ ሲደነግጡ የጎንና የጀርባ ክንፋቸውን እሾህ ዘርግተው ይቆልፉታል፤ አዳኙ ጉሮሮ ላይ ሲደርሱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይሄዱም። እንዲህ የተቀረቀረን ዓሣ ማውጣት ለሁለቱም አሠቃቂ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱም ይሞታሉ።

የባሕር ውኃ አዳኞች፣ ለምሳሌ ላየንፊሽ፣ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ጨው በሌለበት ውኃ የሚኖር ዓሣ የቅባት ይዘት ለባሕር ዓሣ ከሚስማማው ስለሚለይ፣ ለረዥም ጊዜ ጎልድፊሽ ወይም ጉፒ ብቻ የተመገበ ላየንፊሽ ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል። ለእነዚህ የባሕር ሽሪምፕ ይመረጣል። ሕያው ዓሣ የግድ ካስፈለገ ቀስ በቀስ ወደ ጨዋማ ውኃ የተላመደ ሞሊ መጠቀም ይቻላል፤ ሞሊ የባሕርን ጨዋማነት ከሚችሉት ጥቂት የአኳሪየም ዓሣዎች አንዱ ነው።

አይጥ፣ የዶሮ ጫጩት ሥጋና የከብት ልብ ለትልልቅ ካትፊሽና አሮዋና ሲሰጡ ይታያል። የአጥቢ እንስሳና የወፍ ስብ የዓሣ አካል ሊያስተናግደው ከለመደው ስብ የተለየ ነው፤ ሲደጋገም በጉበትና በሆድ ዕቃ ዙሪያ ይከማቻል። ዓሣው ወፍሮ ያማረ ይመስላል፣ በውስጡ ግን እየታመመ ነው። ይህን መንገድ ጨርሰው እንዲተዉት እመክራለሁ።

ነፍሳትና ትሎች ሲመረጡ ዋናው ጥያቄ ከየት መጡ የሚለው ነው። ፀረ ተባይ ከተረጨበት ሣር የተለቀመ ፌንጣ መርዙን ይዞ ይመጣል። ለመኖ ተብለው የረቡትን ብቻ ይጠቀሙ። ከመሬት ትሎችም ቢሆን በፍግ ውስጥ የሚረባው ቀይ ትል ሲነካ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ስለሚያወጣ ብዙ ዓሣዎች ቀምሰው ይተፉታል፤ ትልቁ የአፈር ትል ግን በአብዛኛው ወዲያውኑ ይበላል።

መጠንን በተመለከተ እኔ የምከተለው ልኬት ይህ ነው፦ የታዳኙ አካል ወፍራሙ ክፍል አዳኙ አፉን ሲከፍት ከሚኖረው ስፋት ግማሽ እንዳይበልጥ። አዳኞች ከዚህ የሚበልጥ ነገር ሊውጡ ይችላሉ፣ ይሞክራሉም፤ ቀይ ጅራት ካትፊሽ በተለይ ልኩን አያውቅም። ሆኖም ከአቅም በላይ የተዋጠ ምግብ ሳይፈጭ በሆድ ውስጥ ሊበሰብስ ወይም ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊተፋና ውኃውን ሊመርዝ ይችላል። ሦስት ትንንሽ ታዳኞች ሁልጊዜ ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ።

ደረጃ 3፦ ለይቶ ማቆየት

የተገዛ ታዳኝ ሁሉ በለይቶ ማቆያ ገንዳ ውስጥ 30 ቀን መቆየት አለበት። ለመኖ የሚሸጡ ዓሣዎች ተጨናንቀው፣ በቆሸሸ ውኃ ውስጥ ስለሚቆዩ ነጭ ነጠብጣብ በሽታን (ኢክን)፣ መልሕቅ ትልን፣ የዓሣ ቅማልን፣ የስንጥብ ትሎችንና የተለያዩ ባክቴሪያዎችን ይዘው የመምጣት ዕድላቸው ከፍተኛ ነው።

ይህ ቀጠሮ ለምን ረጅም እንደሆነ ለመረዳት የኢክን የሕይወት ዑደት ማወቅ ይጠቅማል። ጥገኛው ፍጥረት መጀመሪያ በዓሣው ቆዳ ሥር ተቀብሮ ያድጋል፤ በዓይን የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ ይህ ነው። ከዚያ ወድቆ በገንዳው ወለል ላይ ከረጢት ሠርቶ ይባዛል፤ በመጨረሻም በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ዋናተኞች ሆኖ አዲስ ዓሣ ፍለጋ ይወጣል። መድኃኒትም ጨውም የሚገድሉት በነፃ የሚዋኘውን ብቻ ነው፤ በቆዳ ሥር ያለውንና በከረጢቱ ውስጥ ያለውን አይነኩትም። ዑደቱ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሳምንት ገደማ ያልቃል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ግን ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ታዳኞቹን ማሞቂያ በሌለው ባልዲ ውስጥ ለአሥር ቀናት አቆይቶ «ምንም አልታየባቸውም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የ30 ቀኑን ቆይታ ወደ አንድ ሳምንት አሳጥሬ የሰጠኋቸው ጤነኛ የሚመስሉ ዓሣዎች፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለዓመታት ያሳደግሁትን ኦስካር በነጭ ነጠብጣብ ሞልተውታል። ኦስካሩ ተረፈ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከቆይታው አንድ ቀን ቀንሼ አላውቅም።

ለገንዳው ከ40 እስከ 60 ሊትር የሚይዝ ዕቃ፣ የስፖንጅ ማጣሪያ ከአየር ፓምፕ ጋር፣ ማሞቂያና ክዳን በቂ ናቸው። ወለሉን ባዶ ይተዉት፤ የወደቀ ቆሻሻና የሞተ ዓሣ ወዲያውኑ ይታያል። ሙቀቱን ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ያድርጉ። መረቡ፣ የውኃ መቅጃ ቱቦውና ባልዲው የዚህ ገንዳ ብቻ ይሁኑ፤ አንድ እርጥብ መረብ ከገንዳ ወደ ገንዳ በማለፉ ብቻ የወር ድካም ሊበላሽ ይችላል። በየቀኑ የሞተውን ያውጡ፣ በየሁለት ወይም ሦስት ቀኑ ከውኃው ሩቡን ይቀይሩ። በቆይታው መካከል ሕመም ከታየ ቆጠራው ምልክቱ ከጠፋበት ቀን እንደገና ይጀምራል። በመድኃኒት የታከሙ ዓሣዎች፣ በተለይም መዳብ ባለበት መድኃኒት የታከሙት፣ ለመኖ ባይውሉ ይሻላል።

በእጅዎ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ያድርጉ። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለው ባክቴሪያ ከዓሣ ገንዳ ውኃ በቁስል በኩል ገብቶ በሰው ቆዳ ላይ ለወራት የማይድን እብጠት ሊያስከትል ይችላል።

ደረጃ 4፦ ታዳኙን መመገብ

አዳኙ የሚበላው ታዳኙን ብቻ ሳይሆን ታዳኙ የበላውንም ጭምር ነው። በረኀብ የቆየ ጎስቋላ ዓሣ ከአጥንትና ከቅርፊት የዘለለ ጥቅም የለውም። በቆይታው ወር ሁሉ ጥራት ያለው ደረቅ ምግብና አረንጓዴ ነገር ይስጡ፤ አዳኙ ዘንድ ከመቅረባቸው በፊት ባሉት ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ውስጥ ደግሞ በደንብ ያጥግቡ። ቫይታሚን በፈሳሽ መልክ ካለዎት ደረቁን ምግብ ለጥቂት ደቂቃ ነክረው መስጠት ይችላሉ። ፌንጣም በተመሳሳይ መንገድ ካሮትና ቅጠላ ቅጠል ለአንድ ቀን ይመገብ።

ደረጃ 5፦ የአዳኙን አኳሪየም ማዘጋጀት

አዳኙ አዲስ ከሆነ ገንዳውን እስኪለምድ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይተዉት። ከመመገብዎ በፊት ከዓሣ ቆሻሻ የሚመነጩት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ መሆናቸውን ይለኩ፤ ዜሮ ካልሆኑ ያን ዕለት አይመግቡ። በፕሮቲን የበለጸገ ምግብ ሲፈጭ ብዙ አሞኒያ ወደ ውኃው ይወጣል፣ አሞኒያውም ፒኤች (የውኃው አሲድነትና አልካላይነት መለኪያ) እና ሙቀት ከፍ ባሉ ቁጥር መርዛማነቱ ይጨምራል፤ በደካማ ማጣሪያ ላይ የሚጨመር ከባድ ምግብ ዓሣውን በራሱ ቆሻሻ ይመርዘዋል።

ታዳኝ ሊሸሸግባቸው የሚችሉ ጠባብ ቀዳዳዎችን ይዝጉ፤ ተደብቆ የሞተ ዓሣ ውኃውን ያበላሻል። የማጣሪያውን መምጠጫ በስፖንጅ ይሸፍኑ። ክዳኑን በክብደት ያጥብቁ፤ አሮዋና በማደን ላይ ሳለ ቀላል ክዳን ገፍቶ ሊወጣ ይችላል። ሌሎች አዳኞች አብረው ካሉ በግርግሩ እንዳይነካከሱ በተለያየ ጥግ በአንድ ጊዜ ለመመገብ ይዘጋጁ። እንደ ቢቺር ያሉ ዓይናቸው ደካማ የሆነና ታዳኛቸውን በማሽተት የሚፈልጉ ዓሣዎች መብራት ከጠፋ በኋላ ይመገቡ።

ደረጃ 6፦ ማቅረብ

ታዳኙ የነበረበትን ውኃ ፈጽሞ ወደ አኳሪየሙ አያፍስሱ። ታዳኙን ከአኳሪየሙ ጋር ተመሳሳይ ሙቀት ወዳለው ንጹሕ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ያዛውሩ፤ ከዚያ በመረብ አንድ በአንድ ያስገቡ። ሁለተኛውን የሚያስገቡት የመጀመሪያው ከተዋጠ በኋላ ብቻ ነው። ብዙ ዓሣ በአንድ ጊዜ ሲገባ አዳኙ ግማሹን አቁስሎ ይተዋል፤ የተረፉት ደግሞ ሲርባቸው የአዳኙን ክንፍና ዓይን ሊነክሱ ይችላሉ።

ነፍሳትንና ትሎችን ረጅም መቆንጠጫ ተጠቅመው ያቅርቡ። በእጅ ማብላት ዓሣው እጅን ከምግብ ጋር እንዲያያይዝ ያደርጋል፤ 60 ሴንቲሜትር የደረሰ ዓሣ ሲሳሳት የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። የመቆንጠጫው ጫፍ የደነዘዘ ወይም በላስቲክ የተሸፈነ ይሁን።

ከ15 ደቂቃ በኋላ ያልተበላውን ያውጡ። ጤነኛ ከሆነ ወደ ታዳኙ ገንዳ አይመልሱት፣ ለብቻው ያቆዩት፤ ከአዳኙ ገንዳ ጥገኛ ይዞ ሊመለስ ይችላልና። የቆሰለ ከሆነ ሥቃዩን ያሳጥሩ፤ ጭንቅላቱን በአንድ ጠንካራ ምት መምታት ለትንሽ ዓሣ ፈጣኑ መንገድ ነው፣ ወዲያውኑም ለአዳኙ ሊሰጥ ይችላል። በቅርንፉድ ዘይት የተገደለ ዓሣ ግን ለመኖ አይውልም።

ደረጃ 7፦ መጠን፣ ድግግሞሽና ክትትል

በማደግ ላይ ያለ ዓሣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይመገባል። ሙሉ ያደገ ትልቅ አዳኝ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በቂው ነው። ሆዱ በመጠኑ ክብ ሲሆን ያቁሙ፤ አዳኝ ዓሣ የሚቀጥለውን ምግብ መቼ እንደሚያገኝ በማያውቅበት ዓለም ስለተፈጠረ በቃኝ አይልም፣ ልመናውም የረኀቡ መለኪያ አይደለም። በማግሥቱ አሞኒያን ይለኩ፣ የውኃውንም ሩብ ይቀይሩ፤ አዲሱ ውኃ ክሎሪን ካለበት ማስወገጃውን አይርሱ። ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች ይቆይ።

በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ዓሣው ከድንጋይ ጋር መታከኩን፣ ፈጥኖ መተንፈሱን፣ ነጭና ክር መሰል ዓይነ ምድር ማውጣቱን ይከታተሉ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሕያው ምግቡን አቁመው ምንጩን መመርመር ከታዳኞቹ ገንዳ ይጀምሩ።

ደረጃ 8፦ ወደ ተዘጋጀ ምግብ ማሻገር

ዓሣው መብላት እንደጀመረና ሥጋ እንዳወጣ ሽግግሩ ይጀመር። በመጀመሪያ በዚያው ቅጽበት የተገደለ ታዳኝ፣ ወለሉ ላይ ሳይደርስ በፊት እንዲያየው ከላይ ይጣልለት። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ከበላ በኋላ በረዶው በማቀዝቀዣ ውስጥ በቀስታ የቀለጠ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ በመቆንጠጫ ይዘው በፊቱ ያንቀሳቅሱ። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ስሕተት ማፍጠን ነው፦ የቆሰለ ዓሣ እንደሚያደርገው አንድ ጊዜ ፈጠን፣ ከዚያ ቆም፣ ከዚያ ጥቂት መንቀጥቀጥ ያስፈልጋል። አዳኙ የሚያጠቃው በአብዛኛው በቆምታው ላይ ነው።

እምቢ ካለ ምግቡን አውጥተው ይተዉት፣ በዚያው ዕለት ግን ሕያው ታዳኝ አይስጡት። ያደገና ሥጋ ያለው ዓሣ ከ7 እስከ 10 ቀን ቢጾም አይጎዳም፤ ጫጩት ግን ከሁለት ቀን በላይ መቆየት የለበትም፣ ጀርባው የሳሳ ዓሣም ፈጽሞ አይጾምም። የተዘጋጀ ምግብ የሚበላ ሌላ ዓሣ በቅርቡ ካለ ትምህርቱ ይፋጠናል፤ ውድድር የግትሩን ዓሣ ጥርጣሬ ይሰብራል።

ሽሪምፑን በልቶ ከለመደ፣ በሽሪምፑ ሆድ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጠንካራ የተዘጋጀ መኖ እንክብል ይደብቁ። በየሳምንቱ እንክብሉን እየጨመሩ ሽሪምፑን ያሳንሱ። ኦስካር ይህን ጉዞ በሁለት ሳምንት ሊጨርስ ይችላል፤ ከዱር የመጣ አሮዋና ግን ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ዓሣውንም ራስዎንም አያስጨንቁ።

ሽግግሩ ካበቃ በኋላ የተረፉትን ታዳኞች ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ አይልቀቁ። ጎልድፊሽና ጉፒ ከአኳሪየም በተለቀቁባቸው ብዙ ውኃዎች የአገሬውን ዓሣ አስጨንቀው ተስፋፍተዋል። ከሞሊዎቹ ወይም ከጉፒዎቹ ጥቂት ሴቶችና አንድ ሁለት ወንዶች አስቀርተው በዚያው በታወቀ ገንዳ ውስጥ ያቆዩአቸው፤ አዳኙ ታሞ ምግብ እምቢ ባለ ቀን ከመሸጫ የመጣ ያልታወቀ ዓሣ ፍለጋ አይወጡም።